ሁለተኛው ምት

መስከረም 18 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ወገቧን ይዛም ቢሆን ሰላምታዋን ትልካለች፤ "ጋሼ ብርድ ላይ እንዳይቆም ንገሪው" ብላለች። በስልክ ስንነጋገር እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔ ደግሞ የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ እንደ ድሯችን በወረቀት ይሁንልን።

አዲስ ሥራ ተሰጥቶኛል። ማስተማሩን ሳልተው የዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎች ሥራ ማገናኛ ቢሮ ኃላፊ ሆኛለሁ። ቢሮ ሲባል አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የማይዘጋ መስኮት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው "ከመቶው ተመራቂ ሰማንያው ሥራ ይዟል" ብሎ ሪፖርት ጽፎ ሄዷል። እኔ በየስልካቸው እየደወልኩ ቆጠርኩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከመካኒካል ምህንድስና ከወጡት ሦስት መቶ አርባ ልጆች ሥራ ያላቸው አርባ ሰባት ናቸው። ከነሱም በተማሩት ትምህርት የሚሠሩት አሥራ ዘጠኝ።

ቁጥሩን ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳሳያቸው "ይሄ ከዚህ ክፍል አይወጣም" አሉኝ። ወጣ። በማግስቱ አንድ ያስተማርኩት ልጅ በመስታወት ያሠራውን ዲግሪ ታቅፎ ቢሮዬ ገባ። "መምህር፣ ይሄን ይረከቡኝ" አለና ከጭንቅላቴ በላይ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስብርባሪው ቅንድቤን ሰነጠቀኝ፤ አራት ቦታ ተሰፋሁ። ልጁ ደሜን ሲያይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አልከሰስኩትም። ምን ብዬ እከሰዋለሁ?

እርስዎ አሥራ አምስት ዓመት በሰው አገር መርከብ ሲበይዱ፣ ስድስቱን ዓመት ደግሞ አዲስ ገቢውን ሲፈትኑ ኖረዋል። ቀጣሪ ከሰው ላይ የሚያየው ምንድን ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ቁስልሽን ያሽርልሽ፤ የክፉ ሰው ዓይን ይያዝልሽ። እህቴን "ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ እሱም እኔን ለምዶኛል" በያት።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እዚህ ስመጣ ወረቀቴን ገልጦ ያየ ሰው የለም። ፎርማኑ ሁለት ብረት ሰጥቶ "አጋጥም" አለኝ። በየድኩ። በትልቅ መዶሻ አንዴ ሲያሳርፍበት ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹን አነሳና እግሬ ላይ ለቀቀው። አውራ ጣቴ ደቀቀ። "ይሄ የመርከብ ሆድ ቢሆን ሠላሳ ሰው ገድለሃል" አለኝ። እያነከስኩ ሦስት ወር ተለማመድኩና ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ መዶሻውን የምይዘው እኔ ነኝ። እግር ላይ ግን አልጥልም።

የናንተ ልጆች ስሌቱን ያውቁታል፤ ብረቱ ግን አያውቃቸውም። ቀጣሪውን በደብዳቤ አትለማመጪው። ወርክሾፕሽ ውስጥ አስገቢው። ፈተናውን እሱ ያውጣ፣ እናንተ ለእሱ ፈተና አሠልጥኑ። ሰው በገዛ ዓይኑ የመረጠውን ጥሎ አይሄድም።

ብቻ ቶሎ አድርጊው። ሥራ ያጣ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሚጨብጠውን ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ ተራ ከሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች አንዱ የጓደኛውን መንጋጋ በሰንሰለት አውልቆታል፤ ለአንድ ቀን ሥራ ብሎ። ጥርሱን ከመሬት የለቀምኩለት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። ልጄ ጉልቤ ከናንተው ዘንድ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሞላው። (ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁለት ገና ሕፃን ሳለ የጨበጠውን ስለማይለቅ ነው፤ አንቺ ታስታውሻለሽ።) እናቱ እንደምትለኝ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሲወጣም በሩን ሰብሮ ነው። የእሱን ስም ከሁሉ በፊት ጻፊው። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" እንዳይሉሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ካለሁበት ይድረስዎ። ምክርዎ ሠራ። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎና ሌላውን ቀጥዬ እጽፋለሁ።

አሥራ አምስት የብረታ ብረት ድርጅቶችን በር አንኳኳሁ። አንደኛው ባለቤት ውሻ ለቀቀብኝ፤ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ቀደደው፣ ባቴ ላይም ጥርሱን አሳርፏል። በማግስቱ በሌላ ቀሚስ ስመለስ ሰውዬው አፍሮ ሰማኝ፤ ዛሬ ከሁሉም የሚተጋልኝ እሱ ነው። ሰባቱ ተስማሙ። ማሽኖቻችን አሥር ናቸው፤ በአንዱ አራት ልጅ ብንመድብ አርባ ይሆናል። አርባ ልጆችን ለአሥር ሳምንት ማሠልጠን ጀምረናል፣ ከዚያ ባለቤቶቹ መጥተው ራሳቸው ይፈትኗቸዋል። ፕሬዚዳንቱ "አርባ ብሎ ነገር ለጋዜጣ አይሆንም" ብለው አኩርፈዋል።

መሣሪያ የሚያወጡልን ሰው ጋሽ ሚዛን ይባላሉ። የመዝገብ ስማቸው አይደለም፤ ያስረከቡትን ብሎን እንኳ ሲመለስ መዝነው ስለሚቀበሉ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በወርክሾፑ ዕቃ ቤት መስኮት ቆመዋል። መፍቻ በኪሱ ይዞ የሄደን ተማሪ ቤቱ ድረስ ተከትለው ምሳውን እስኪጨርስ በር ላይ ይጠብቁታል።

ጉልቤን አስገባሁት። በእርስዎ ስም ሳይሆን በእጁ ነው የገባው፤ ከአርባዎቹ እንደሱ ቀጥ ያለ መስመር የሚበይድ አልነበረም። ባለ ውሻው ሰውዬ አንድ ቀን ሊጎበኝ መጥቶ "ይሄን ልጅ ዛሬ ስጪኝ" ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ያለ ተራው መፍጫ ማሽኑን ወሰደ። ጉልቤ በብየዳ ጭንብሉ ፊቱን መታው። ሦስት ጥርስ ረግፏል። የቀረውን አልጽፍም። አራት ሆነን ነው ያላቀቅናቸው።

ሲገቡ ሁሉም የፈረሙት ሕግ "እጁን ያነሳ ይወጣል" ይላል። ስሙን በእጄ ሰረዝኩት። አጎቴ፣ ቅር እንደሚሰኙ አውቃለሁ። ይረዱኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥርስ ይተከላል። ልጅ ሲሰበር ማን ይተክለዋል? ሁለት ወንዶች ተጋጩ ተብሎ የአንዱ ዕድል ይዘጋል?

መልሰሽ አስገቢው። እናትሽን አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ይህን ከዚህ በፊት ተናግሬሽ አላውቅም፤ ዛሬ ተናገርኩ።

አጎትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ከሰላምታ በኋላ፤ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ መልስ የለሽም። በቁጣ ስለጻፍኩልሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ትናንት ሚስቴ ደወለች። "ታስሯል፤ ሦስት ሳምንቱ ነው" አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው፤ ሌላ ነገር ላወጣላት አልቻልኩም። እናትሽ ደግሞ "እሷ ትጻፍልህ" ብላ ዘጋችብኝ።

ልጄ ምን ሆኖ ነው? መታ ወይስ ተመታ? ክፉም ቢሆን ካንቺ አፍ ልስማው።

አጎትሽ


የካቲት 30 ቀን

ለአጎቴ፤

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልኝ። ፊደሌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ ቀኙ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አሁን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ፈተናው ጥር 27 ቀን ነበር። ሰባቱም ባለቤቶች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። ልጆቹ ቱታቸውን ለብሰው በየማሽናቸው ቆሙ። እኔ ያላወቅሁት፣ ፕሬዚዳንቱ ለፎቶ ሰው እንዲበዛ ብለው ከሁለት ቀን በፊት በየሰሌዳው "የተመራቂዎች የቅጥር ቀን፣ ሁላችሁም ኑ" የሚል ማስታወቂያ ማስለጠፋቸውን ነው። ከስድስት መቶ በላይ ሰው መጣ። ሁሉም ዲግሪውን ይዟል።

ጥበቃዎቹ "ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የለም" ሲሉ ግፊያ ተጀመረ። ዱላ ወረደ። አንዲት ልጅ ዲግሪዋን ጭንቅላቷ ላይ ጋርዳ ስትመታ በመስኮት አየሁ፤ ዱላው ወረቀቱን ቀዶ አለፈ። ከዚያ የድንጋይ ናዳ መጣ። አንድ ጥበቃ ፊቱን በእጁ ይዞ ተንበረከከ፤ በጣቶቹ መሐል ደም ይንጠባጠባል። ዛሬ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ትልቁ የብረት በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። ከሥሩ ሰው ነበረ። በላዩ ላይ እየረገጡ ገቡ።

ልጆቹንና ባለቤቶቹን በኋላ በር አስወጣናቸው። እኔና ጋሽ ሚዛን የጋዝ ሲሊንደሮቹን ለመዝጋት ቀረን፤ አንዱ ቢፈነዳ ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨርስ ነበር። የመጨረሻውን ስዘጋ ጉልቤ ገባ። ከመደርደሪያው የክንድ ርዝመት ያለው ቱቦ አንስቷል። ግንባሩ በዱላ ተፈንክቷል፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው።

"ስሜን የሰረዘው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ድገሚው።"

"እኔ ነኝ ወንድሜ። እሱን አስቀምጥና እንነጋገር።"

ክንዴን መታኝ። የአጥንቴን ድምፅ ከሕመሙ በፊት ሰማሁት። ጋሽ ሚዛን በመሐላችን ገቡ። አልጮኹም። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ለማንኛውም ተማሪ እንደሚሉት "ልጄ፣ መልስ። የተመዘገበ ዕቃ ነው" አሉት። ጭንቅላታቸውን መታቸው። ወደቁ።

አጎቴ፣ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የምጽፍልዎ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ጋሽ ሚዛን በክርናቸው ተደግፈው ሊነሱ ሞከሩ። ጉልቤ ቁልቁል ያያቸዋል። በእውነተኛ ስሙ ጠራሁት። ሰምቶኛል፤ ዞር ብሎ አይቶኛል። ከዚያ ቱቦውን በሁለት እጁ ጨብጦ ደገማቸው።

አምስት ቀን ሳይነቁ ቆይተው አረፉ። ከመጀመሪያው ይድኑ ነበር ይላል ሐኪሙ። ሚስትና አንዲት ልጅ አላቸው። ሁለተኛውን ምት ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቶ "ሲሻለኝ" ብዬ መልሼዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ምን እንደምለው አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 16 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ የሟቹን ነፍስ ይማር፣ ክንድሽንም ይጠግንልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዱ በያጅ ሲስቅ ሰማሁና አንገቱን ያዝኩት። አራት ሰው ነው ያስለቀቀኝ። የሚስቀው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ጠበቃው "በግርግር መሐል አንድ ምት ከሆነ አራት፣ አምስት ዓመት ነው። ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ከሆነ ግን ወጣትነቱን እዚያው ይጨርሳል" ብሎኛል። ነገሩ ያንቺ ቃል ላይ ነው።

ዋሺ አልልሽም። አቧራ ነበረ በይ። ክንዴ ሲሰበር ራሴን ስቻለሁ በይ። ራሱን የሳተን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ሟች እንደሁ አይመለስም። አንድ ቤት ተዘግቷል፤ ሁለተኛ ቤት ቢዘጋ ለማን ይበጃል?

አጎትሽ ነኝ፣ በዕድሜም አባትሽ ነኝ። እዚህ ሆኜ እግርሽ ላይ ወድቄአለሁ። "ምንም አላየሁም" በይ።

አጎትሽ


ግንቦት 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናና ትዕግሥት ይስጥልኝ። መሰከርኩ።

ዳኛው "ስንት ጊዜ መታቸው?" አሉኝ። "ሁለት" አልኩ። "ሁለተኛውን ሲመታ ሟቹ የት ነበሩ?" አሉኝ። "መሬት ላይ። በክርናቸው ተደግፈው" አልኩ። ጠበቃው ተነስቶ ራሴን ስቼ እንደነበር ጠየቀኝ። እርስዎ በጻፉልኝ ቃል ነበር የጠየቀኝ። "አልሳትኩም" አልኩት። ዳኛው ወደ ጉልቤ ዞረው የሚለው እንዳለ ጠየቁት። "ልክ ብላለች" አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ከችሎት ስወጣ ሚስትዎ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ፊቴን ቧጠጠችኝ። እጇን አልያዝኩም። እናቴም ለሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን ምሳ አቅርባልኝ "ብዪ" አለችኝ።

ፈተናውን በሚያዝያ ደገምነው። ደሙ ከሲሚንቶው አልለቅ ብሎ ወለሉን ቀለም ቀባነው። ከሰባቱ ባለቤቶች አራቱ መጡ። ከተፈተኑት ሠላሳ ስድስት ልጆች ሃያ አንዱ ተቀጥረዋል። ጥርሱ የረገፈው ልጅ አንዱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሪፖርታቸው ላይ "ሁለት መቶ አሥር" ብለው አጻፉ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሃያ አንዱንም በየስማቸው ጠራሁና "ሌላ ካለ ይጠራ" አልኩ። ከቢሮው ሊያነሱኝ ደብዳቤ አዘጋጅተው ነበር፤ አራቱ ባለቤቶች "እሷ ከሌለች ማሽናችሁ ጋ አንደርስም" ስላሏቸው መሳቢያቸው ውስጥ ቀርቷል።

ባይጽፉልኝም እጽፍልዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለቤትሽ፣ ዕረፍት ለልብሽ ይሁን። ሦስት ወር ዝም አልኩሽ። ጠልቼሽ ነበር፤ አልደብቅሽም። መጀመሪያ አንቺን ጠላሁ፤ ከዚያ እናቱን፣ እንዴት ብታሳድገው ነው ብዬ። ከዚያ ያን የማላውቀውን ሽማግሌ ጠላሁ፣ ማን ግባ አለው ብዬ። የምጠላው ሰው ሲያልቅብኝ ራሴ ላይ ደረስኩ።

ጉልቤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የሥራ መፍቻዬን ይዞ ሲጫወት ጥሎት መጣ። በውሃ ጎማ መታሁት። ወደቀ። ሊነሳ በእጁ መሬቱን ሲደግፍ አየሁት፤ እያየሁት ደገምኩት። በግራ ጆሮው የማይሰማው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ለሰው ሁሉ "ከዛፍ ወደቀ" አልን። እናትሽ መጥታ እጄን ባትይዘው ሦስተኛም ነበረው።

አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው። ጠርቼሽ "ምን አየሽ?" ስልሽ "ምንም አላየሁም" አልሽኝ። "ጎበዝ" አልኩሽ። በዓመቱ አገር ለቅቄ ወጣሁ። በመጋቢት ያንኑ ቃል ለዳኛ ድገሚልኝ ብዬ ለመንኩሽ፤ ስጽፈው ግን የት እንደሰማሁት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ "አልሳትኩም" ማለትሽን ሳነብ ነው።

ሥራዬን ለቅቄአለሁ። መስከረም 20 እገባለሁ። ልትቀበይኝ አትምጪ። መጀመሪያ ሟቹ ቤት፣ ቀጥሎ ልጄ ጋ፣ ከዚያ ከፈቀድሽ አንቺ ጋ እመጣለሁ። ሚስታቸውን ቀድመሽ ጠይቂልኝ። "አይምጣ" ካሉ አልሄድም። ወርክሾፑ ደግሞ ልጆቹን የሚያሠለጥን በያጅ ካስፈለገው እጄ ገና አልደከመም።

አጎትሽ


ነሐሴ 29 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

መንገድዎ የሰላም ይሁን። ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። "አስታውሳለሁ" አለች። እኔም አስታውሳለሁ። በየዓመቱ አስታውሰዋለሁ።

ስለ ወርክሾፑ፣ በያጅ ያስፈልገናል። በመጪው ዙር ሰማንያ ልጆች እንቀበላለን። እጁን ያነሳ ይወጣል የሚለውን ሕግ ግን እርስዎም ይፈርማሉ።

ጉልቤን እስር ቤት ሄጄ እንደሚመጡ ነገርኩት። "በግራ ጆሮዬ በኩል ይቀመጥና የፈለገውን ያውራ" አለኝ። እምቢ አላለም፤ ይህን ያዙልኝ።

የጋሽ ሚዛን ባለቤት ቤት ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ልብስ እያጠቡ ነበር። ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው፣ ስለ ጎማው የጻፉትንም ሳላስቀር። አንድ አንሶላ ይዘው ይጨምቁ ነበር፤ ጠብታ መውጣቱ ካቆመም በኋላ መጭመቁን አልተዉም። ለመሄድ ስነሳ ተናገሩ።

"ይምጣ" አሉ። "ወንበር እሰጠዋለሁ። ውሃ ግን አልሰጠውም።"

የእህትዎ ልጅ